ውሃው የት ይወርዳል?

(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓላችን ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለዓመት መጽሐፉ ሲዘጋጅ መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)



አዘጋጆቹ ስልክ ደውለው «ከውጭ ከመጣህ አይቀር ስለ ሙያህ 20 ደቂቃ ተናገር» ሲሉኝ፣ «ስለ ምን?» አልኳቸው። «የፈለግከውን» አሉኝ። እኔም ስለ ፍሳሽ ውሃ እናገራለሁ አልኩ። ትንሽ ዝም ተባባልን። ሌሎቹ ተናጋሪዎች ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ስለ ታዳሽ ኃይል ነው የሚናገሩት። እኔ ደግሞ ከአንድ የቤት ማሞቂያ ሥር ጠብ ጠብ ስለሚል ውሃ። ምን ላድርግ፤ 15 ዓመት ያሳሰበኝ እሱ ነው። ዛሬ የማወራው ያጠፋሁትን ጥፋት ስለሆነ፣ በሰው ፊት ስናገረውም የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ እንድትታገሱኝ እለምናለሁ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት እኔ የጥርባ ልጅ ነኝ፤ የአዊ ሰው። ብርድ ለእኔ እንግዳ ነገር አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ሲያድር እያየን ነው ያደግነው። እናቴ አረቄ አውጪ ነበረች። እኔና እህቶቼ የተማርነው በዚያ አረቄ ነው፤ ይህን ስናገር አላፍርም። የእኔ ሥራ ከትምህርት ቤት መልስ መቃውን መጠበቅ ነበር። አረቄ ሲወጣ ያላያችሁ ካላችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ድፍድፉ ያለበት ማሰሮ እሳት ላይ ይጣዳል፤ አፉ በጭቃ ይመረጋል፤ ከማሰሮው አንገት መቃ ይወጣና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠው ዕቃ ይገባል። እንፋሎቱ በመቃው ሄዶ ብርድ ሲያገኘው ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። በቃ፣ ይኸው ነው።

እናቴ ሁልጊዜ የምትለኝ አንድ ነገር ነበር፦ «እሳቱን ለእኔ ተወውና አንተ መቃውን እይልኝ።» መቃው ወደ ተቀባዩ ዕቃ ዘንበል ማለት አለበት። ወደ ማሰሮው ካጋደለ የወጣው አረቄ ተመልሶ ድፍድፉ ውስጥ ይወድቃል፤ ማገዶውም ድካሙም ከንቱ ይሆናል። መሐሉ ላይ ከጎበጠ ፈሳሹ እዚያ ይተኛና እንፋሎቱን ያፍነዋል፤ ጭቃው ይፈነዳል። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት፤ ግን ከእሳቱ ይልቅ መቃውን ትፈራ ነበር።

ከዚያ ወደዚህ ግቢ መጣሁ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተመሠረተው ይህ የእኛ ፖሊ፣ በእኛ ጊዜ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ ነበር። መካኒካል ምህንድስና ተማርኩ፤ በ1998 ዓ.ም. ተመረቅሁ። ቴርሞዳይናሚክስ የምወደው ትምህርት ነበር፤ ውጤቴንም ያስታወሱ መምህራን እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ። የእንፋሎቱን ሠንጠረዥ በቃሌ እይዘው ነበር ማለት ይቻላል። በፈተና ላይ የምንስለው ሥዕል ትዝ ይላችኋል፤ ማፍያው፣ ተርባይኑ፣ ማቀዝቀዣው፣ ፓምፑ። ከማቀዝቀዣው ሥር አንዲት ቀስት ትወጣለች፤ ቀስቷ ላይ «ኮንደንሴት» ብለን እንጽፍና መልሱን እናሰምርበታለን። ቀስቷ ወዴት እንደምትሄድ፣ በምን ዓይነት ቧንቧ እንደምትሄድ፣ በስንት ዝቅታ እንደምትወርድ ማንም ጠይቆን አያውቅም። እኛም ጠይቀን አናውቅም።

በ2000 ዓ.ም. ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ እንግሊዝ አገር ሄድኩ፤ ሊድስ ከተማ። ትምህርቱ ሲያልቅ እንደ ብዙዎቻችን ኑሮ ሌላ መንገድ አሳየኝ። የጋዝ ሥራ ተማርኩ፤ ፈተናውን አለፍኩ፤ ሕጉ በሚጠይቀው መሠረት ተመዘገብኩና የቤት ማሞቂያ መግጠም ጀመርኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። እዚህ አገር ቦይለር ስንል በአብዛኛው ሻወር ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የኤሌክትሪክ ውሃ ማሞቂያ ማለታችን ነው። እዚያ ቦይለር ማለት ጋዝ እያቃጠለ ውሃ የሚያሞቅ፣ ያንንም ውሃ በየክፍሉ ባሉ ራዲያተሮች እያዞረ ቤቱን በሙሉ የሚያሞቅ ነው። ክረምት ላይ እሱ ከቆመ ቤቱ ቆመ ማለት ነው።

የድሮዎቹ ቦይለሮች ጭሱን ትኩስ እንደሆነ ወደ ውጭ ይለቁታል። አዲሶቹ ግን ጭሱን ያቀዘቅዙታል። ለምን መሰላችሁ? ሜቴን ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይወጣል። ሒሳቡን ሥሩት፤ 1 ኪሎ ግራም ሜቴን ሲቃጠል 2.25 ኪሎ ግራም ውሃ ይፈጠራል። ከተቃጠለው ነዳጅ የሚበልጥ ውሃ! ለተማሪ ስነግረው አያምነኝም፤ ግን ኦክስጅኑ ከአየር ስለሚጨመር ነው። ይህ ውሃ እንፋሎት ሆኖ በጭስ ማውጫው ሲወጣ ድብቅ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ይህ ሙቀት ቀላል አይደለም፤ እንፋሎቱ ሳይጨመር ከሚቆጠረው የጋዙ ሙቀት 11 በመቶ ያህል ነው። ከራዲያተር የሚመለሰው ውሃ ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ ጭሱ የጤዛ ነጥቡ ላይ ይደርሳል፤ እንፋሎቱ ቦይለሩ ውስጥ ውሃ ይሆንና ሙቀቱን ለቤቱ አስረክቦ ይወርዳል። የእናቴ አረቄ ማለት ነው፤ ልዩነቱ እሷ የምትፈልገው ፈሳሹን፣ እኛ የምንፈልገው ሙቀቱን መሆኑ ነው።

እንግሊዝና ዌልስ ከሚያዝያ 2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ ለሚገጠሙ የጋዝ ቦይለሮች ይህንን ዓይነት ግዴታ አድርገዋል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ነዳጅ ይቆጥባል። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ ቤት ቀድሞ ያልነበረ አንድ ጥያቄ መጣበት። ሙቀቱን ወሰድን፤ ውሃውስ? 24 ኪሎ ዋት የሆነ ቦይለር በሙሉ አቅሙ ሲሠራ በሰዓት 1.7 ኪሎ ግራም ያህል ጋዝ ያቃጥላል፤ 4 ኪሎ ግራም ያህል ውሃ ይፈጠራል፤ ከዚህ ውስጥ ግማሹ ያህል፣ ማለትም 2 ሊትር የሚሆነው፣ በአንዲት ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ መውረድ አለበት። 2 ሊትር በሰዓት ማለት ወራጅ አይደለም፤ ጠብታ ነው። ጠብታ ደግሞ ሰው ይንቀዋል። እኔም ናቅሁት።

ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

በ2010 እ.ኤ.አ. በጋ ላይ፣ ገና በሙያው አዲስ ሳለሁ፣ ለአንዲት በዕድሜ ለገፉ ኢትዮጵያዊት እናት ቦይለር ገጠምኩ። ስማቸውን አልጠራም፤ ሁላችንም እማማ ነበር የምንላቸው። ባላቸውን ቀብረው ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ልጃቸው ለንደን የምትሠራ፣ እሑድ እሑድ ቡና አፍልተው የከተማውን ሐበሻ ሁሉ የሚሰበስቡ ሴት ናቸው። ቦይለሩን የሰቀልኩት ወጥ ቤታቸው ውስጥ ነው። ውሃው መውረድ የነበረበት በወጥ ቤቱ ዕቃ ማጠቢያ ፍሳሽ በኩል፣ ቤት ውስጥ ለውስጥ ነው። ለዚያ ግን ሁለት ቁም ሳጥን ማንሳትና ግድግዳ መብሳት ያስፈልጋል፤ ሁለት ሰዓት ሥራ። እኔ ምን አደረግሁ? ግድግዳውን በአንድ በኩል በሳሁና ፀሐይ በማያገኘው በሰሜኑ ግድግዳ ላይ ቀጭን ቱቦ፣ 21.5 ሚሊ ሜትር የሆነውን፣ ከ4 ሜትር በላይ ዘረጋሁት። ዝቅታው ለዓይን የማይታይ ነበር። ማገጃ ልባስ አላደረግሁለትም። የአምራቹን መመሪያ አንብቤ ነበር፤ ቤት ውስጥ ይሁን ይላል። «ለሚንጠባጠብ ውሃ!» አልኩ በልቤ። ቦይለሩን አስነሳሁት፤ ሠራ። እማማ መረቁኝ፤ ዶሮ ወጥ አበሉኝ። መስከረም ሠራ፤ ጥቅምት ሠራ፤ ኅዳር ሠራ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው ይህ ነው።

ከዚያ ታኅሣሥ መጣ፤ የ2003 ዓ.ም.፣ በእነሱ የ2010 ዲሴምበር። በብሪታንያ የአገር አቀፍ መዝገብ ከተጀመረበት ከ1910 እ.ኤ.አ. ወዲህ እንዲህ ያለ ቀዝቃዛ ዲሴምበር አልታየም። በዚያ ሳምንት የአገሩ ቦይለር ሠራተኛ ሁሉ ስልክ አላሳርፍ አለው። የሁሉም ቅሬታ ደግሞ አንድ ዓይነት ነው፤ «ቦይለሩ ይንቋረራል፤ ከዚያ ይጠፋል።» ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጠብታው በቀጭኑ ቱቦ ውስጥ ቀስ እያለ ሲሄድ ብርዱ ያገኘውና ይረጋል። በላዩ ላይ ሌላ ጠብታ ይረጋበታል። ቱቦው ሲደፈን ውሃው ወደ ኋላ ይመለስና ቦይለሩ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። ቦይለሩ ራሱን ለማዳን ይቆማል። እንግዲህ አስተውሉ፤ ማሽኑ ምንም አልተበላሸም። የሚቆመው ግን ሰው ከዓመቱ ቀናት ሁሉ አብልጦ በሚፈልገው ቀን ነው።

እኔ በየቤቱ ስሮጥ የሌሎች ሠራተኞችን ሥራ እየነቀፍኩ ነበር የማስተካክለው። እማማ ቤት አልሄድኩም፤ የእሳቸው አዲስ ነው፣ የገጠምኩትም እኔ ነኝ ብዬ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልጃቸው ከለንደን ደወለችልኝ። «እማዬን አናገርኳት፤ ወሬዋ አይያያዝም። እባክህ ሄደህ እያት» አለችኝ። መንገዱ በበረዶ ስለተዘጋ በእግሬ ሄድኩ። ብዙ አንኳኩቼ ነው የከፈቱልኝ፤ ግድግዳ ተደግፈው። ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ የእጣንና የከሰል ሽታ አለው። ቦይለሩ ከቆመ ሁለት ሌሊት አልፎታል። «ልጄን በዚህ በረዶ ላላስቸግረው» ብለው አልደወሉልኝም። የቡናውን ምድጃ በከሰል ሞልተው መኝታ ቤታቸው አስገብተው፣ በርና መስኮቱን ዘግተው ነው ያደሩት። ራሳቸውን ያማቸዋል፤ አስመልሷቸዋል፤ ስሜንም ከሟቹ ባላቸው ስም ጋር ያቀላቅሉት ነበር።

እኛ የአዊ ልጆች ከሰልን እናውቀዋለን። አገሩ በዲከረንስ ዛፍና በከሰል ሲኖር ቆይቷል። ከሰል ይዞ ዘግቶ መተኛት ምን እንደሚያደርግ ጥርባ ላይ ሕፃን ሆኜ ሰምቻለሁ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ቀለም የለውም። ምድጃውን ወደ ውጭ ወረወርኩት፤ መስኮቱን ሁሉ ከፈትኩት፤ እሳቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ወደ ውጭ አወጣኋቸውና አምቡላንስ ጠራሁ። ሐኪም ቤት ኦክስጅን ሰጧቸው። በሁለተኛው ቀን ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሐኪሙ ለልጃቸው የነገራት፣ አንድ ሌሊት ቢጨመር ሌላ ነገር እንናገር ነበር ብሎ ነው።

ያን ዕለት ከሐኪም ቤት ተመልሼ የቤቱን ጓሮ ዞርኩ። ሰሜኑን ግድግዳ አየሁት። ቱቦዬ መሐሉ ላይ ትንሽ ጎብጧል፤ እዚያ ላይ በረዶ ቆሟል። በማንቆርቆሪያ ለብ ያለ ውሃ አምጥቼ ከውጪኛው ጫፍ ጀምሬ አፈሰስኩበት። የፈላ ውሃ አይደለም፤ የፈላ ውሃ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል፣ መሬት ላይ ሲረጋም ሰው ይጥላል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የእጄን ጣት የሚያህል የበረዶ ዘንግ ሾልኮ ወጣ። ገብቼ ቁልፉን ስጫነው ቦይለሩ ወዲያው ተነሳ። ቤቱ መሞቅ ጀመረ። እኔ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያ ሁሉ ቴርሞዳይናሚክስ፣ ያ ሁሉ ሠንጠረዥ! ማሰሮውን አውቄ መቃውን ሳላይ ቀረሁ።

በማግስቱ ቁም ሳጥኖቹን አነሳሁና ውሃውን ቤት ውስጥ ለውስጥ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ፍሳሽ ወሰድኩት። ሁለት ሰዓት አልፈጀብኝም። ከዚያ በፊት የገጠምኳቸውን ቤቶች ዝርዝር አውጥቼ አንድ በአንድ ዞርኩ፤ ሰባቱን በራሴ ወጪ አስተካከልኳቸው። እማማ ግን እሑድ እሑድ ለሚመጣው ሰው ሁሉ ምን ይሉ ነበር? «ብርዱ ነው እኮ፣ ያመጣው ብርዱ ነው።» አንድ ቀን እንኳ የዚያን ቱቦ ነገር አንስተው አያውቁም። እኔም ዝም አልኩ፤ ዝምታቸው ተመቸኝ። አሁን በሕይወት የሉም፤ በእርጅና ነው ያረፉት። ለልጃቸው እውነቱን የነገርኳት ከቀብሩ በኋላ ነው። ዛሬ እዚህ ለመናገር ፈቃዷን ጠይቄያለሁ፤ «ሌላ ሰው ይማርበት» አለችኝ።

እንግዲህ ለሙያ ሰዎች፣ ከዚያ ወዲህ የማልለቃቸውን ነገሮች ልዘርዝር። በቃል የምናገረው ነው፤ ጻፉት ከፈለጋችሁ።

መጀመሪያ፣ ውሃው ከተቻለ ጨርሶ ከቤት አይውጣ። ውስጥ ለውስጥ ሄዶ ወደ ቤቱ ፍሳሽ ይግባ። ግድ ከሆነና ከወጣ፣ ውጪ ያለው ክፍል እጅግ ያጠረ ይሁን፤ ከ3 ሜትር አይለፍ። የቱቦው የውስጥ ስፋት ከ30 ሚሊ ሜትር አይነስ፤ ጠብታው ቢረጋ እንኳ ለሌላው ማለፊያ እንዲተርፍ። በእያንዳንዱ ሜትር 45 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል። ውሃና ፀሐይ በማያበላሸው ልባስ ይሸፈን። ጉልበቱና ማጠፊያው ይቀነስ፤ እያንዳንዱ ማጠፊያ ለበረዶ መቀመጫ ነው።

ሁለተኛ፣ የጭስ ማውጫው ቧንቧ ዝቅታ በተቃራኒው ነው። ከቦይለሩ ወደ ውጭ ሲሄድ ከፍ እያለ ይሂድ፤ በውስጡ የሚፈጠረው ጤዛ ወደ ቦይለሩ ተመልሶ በሲፎኑ እንዲወርድ እንጂ አላፊ አግዳሚ ላይ እንዳይንጠባጠብ። የአረቄው መቃ ወደ ውጭ ይወርዳል፤ የጭሱ ቧንቧ ወደ ውስጥ። ለምን እንደሆነ ያላወቀ ሁለቱንም ያምታታቸዋል።

ሦስተኛ፣ ሲፎኑ። ከቦይለሩ ሥር፣ ውሃው ከመውጣቱ በፊት፣ ሁልጊዜ ውሃ የሚይዝ ጎባጣ ቦታ አለ። ሽንት ቤታችን ሥር እንዳለው ማለት ነው። እዚያ የተኛው ውሃ ጭሱን ወደ ቤት እንዳይገባ ያግደዋል። በዚያ ክረምት አንዳንድ ሰው ቱቦው ሲረጋበት ቦይለሩ ሥር ያለውን ነቅሎ ባልዲ ያስቀምጥ ነበር። ከሲፎኑ በታች ያለውን መፍታት ለአንድ ሌሊት ያሳልፋል፤ ባልዲው እንዳይሞላ እየጠበቁ። ሲፎኑን ራሱን መንቀል ግን የከሰል ምድጃውን መኝታ ቤት ማስገባት ማለት ነው። አዲስ ቦይለር ከማስነሳታችሁ በፊትም ሲፎኑን በውሃ ሙሉት። ደረቅ ሲፎን ክፍት በር ነው።

አራተኛ፣ ይህ ውሃ ንጹሕ ይመስላል እንጂ አሲድ ነው። የጭሱ ጋዞች ስለሚሟሙበት ፒኤቹ ከ3 እስከ 5 ባለው ውስጥ ነው፤ ሆምጣጤን ይቀርባል። መዳብን ይበላል፤ ብረትን ይበላል፤ ሲሚንቶንም ከጊዜ በኋላ ይሸረሽራል። ቱቦው ፕላስቲክ የሆነው ለዚህ ነው። ወደ ፍሳሽ መስመር የማይደረስ ከሆነ መሬት ይቆፈርና ጉድጓዱ በኖራ ድንጋይ ጠጠር ይሞላል፤ ውሃው በጠጠሩ መሐል ሲያልፍ አሲዱ ይከስማል። ይህን ሥራ መጀመሪያ ሳየው ሳቅ አመለጠኝ። ለምን ብትሉ፣ የእኛም አገር በሽታና መድኃኒት ይኸው ነውና። ዝናብ ያጠበው የአዊ መሬት አሲዳማ ሆኖ ገበሬው ማሳው ላይ ኖራ ይበትናል። አጎቴ በበትሩ አፈር እየጫረ የሚሠራውን ኬሚስትሪ፣ የሊድስ ሠራተኛ ጓሮ ውስጥ በጠጠር ይሠራዋል።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። «እኛ እዚህ ጋዝ ቦይለር የለን፤ በረዶ የለን፤ ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ግን ከትናንት በስቲያ እዚሁ ባሕር ዳር አንድ አዲስ ሕንፃ ሥር ሳልፍ ጠብ አለብኝ። ቀና ስል፣ ከየመስኮቱ ሥር ኤሲ ተሰቅሏል፤ ከእያንዳንዱም ቀጭን ቱቦ ተንጠልጥሏል። ውሃው የግድግዳውን ቀለም አረንጓዴ አድርጎታል፤ እግረኛው መንገድ ላይ ሸርተት የሚያደርግ ቦታ ሠርቷል፤ ሱቅ ጠባቂዋ ሥሩ ጀሪካን ደቅናለች። ይህም ያው ጤዛ ነው። አየሩ ሲቀዘቅዝ የወጣ ውሃ። ሕንፃው ሲነደፍ ኤሲ እንደሚገባበት የታወቀ ነገር ነው፤ ስለ ኃይሉ ተሰልቷል፣ ስለ ሽቦው ተሰልቷል። ውሃው የት እንደሚወርድ ግን የተጠየቀው ሱቅ ጠባቂዋ ላይ ሲንጠባጠብ ነው። በእንፋሎት የሚሠሩ ፋብሪካዎቻችንን፣ የሐኪም ቤት ልብስ ማጠቢያዎችን ያየም ያውቀዋል፤ እንፋሎት ሥራውን ጨርሶ ውሃ ሲሆን በጊዜ ካልተወገደ ቧንቧውን ይደበድበዋል።

ስለዚህ ለመምህራኖቼ አንዲት ትንሽ ልመና አለችኝ። አዲስ ኮርስ ይከፈት አልልም። ኮንደንሰር ያለበት የፈተና ጥያቄ ስታወጡ በመጨረሻው ላይ አንድ መስመር ጨምሩበት፦ «ከዚህ የሚወጣው ውሃ መጠኑ ስንት ነው? የት ይወርዳል? በምን?» ከ20 ነጥብ 3 ነጥብ ብትሰጡት ይበቃል። የመመረቂያ ፕሮጀክት የሚያቀርብ ተማሪ ደግሞ ሥዕሉ ላይ ያለችውን የመጨረሻዋን ቀስት እስከ መሬት ድረስ ይሳላት። እኔ ያን 3 ነጥብ ተፈትኜ ቢሆን፣ ምናልባት ያን ቱቦ ስይዝ እጄ ይይዘኝ ነበር። ምናልባት አልኩ፤ ጥፋቱን በትምህርት ቤቴ ላላክክ አይደለም። መመሪያው በእጄ ነበር። ሁለት ሰዓት ነው የሸጥኩት።

ለወጣቶቹ ምሩቃን ደግሞ፦ ጥፋታችሁን ስታገኙት ቶሎ ተመለሱበት። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባል የለ? እኔ ሰባቱን ቤቶች የዞርኩት ፈርቼ ነው እንጂ ጎብዤ አይደለም። ከሰባቱ በሦስቱ ቱቦው መርጋት ጀምሮ ነበር። አንደኛው ቤት ውስጥ የተወለደች ሕፃን ነበረች።

ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ጥርባ ሄጄ እናቴ ዘንድ ሁለት ቀን አደርኩ። አረቄውን ከተወችው ቆይታለች፤ ዓይኗም ደክሟል። ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብለን ይህንን ዛሬ የነገርኳችሁን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኳት። እሷ ስለ ቦይለር ምንም አታውቅም፤ ዝም ብላ ሰማችኝ። ስጨርስ የጠየቀችኝ ነገር ቢኖር፣ «ያቺ ሴትዮ አሁን ማን አላት?» ብላ ነው። ዐርፈዋል አልኳት። ነፍስ ይማር አለችና ትንሽ ቆይታ፣ «መቃውንስ ማን እያየልህ ነበር?» አለችኝ። ማንም አልነበረም አልኳት። ራሷን ነቀነቀች እንጂ ሌላ አልተናገረችም።

ውድ ጓደኞቼ፣ ከዚህ ስትወጡ የምትሠሩበትን ቢሮ ወይም የምታሠሩትን ቤት አንድ ጊዜ በጓሮ በኩል ዙሩት። ከግድግዳው የወጣች ቱቦ ካለች ተከተሏትና መጨረሻዋን እዩ። ጥያቄ ያለው ሰው ከእራት በኋላ በር ላይ ያገኘኛል፤ ዝቅታ መለኪያዬን በሻንጣዬ ይዤ ነው የመጣሁት።